ወንበር የዘረጋሁ ሰሞን

ፎርማናችንን የኔታ ነው የምንላቸው። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣላቸውም። በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ቆጥረዋል። ሳይጨርሱ አቋርጠው ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ በጭነት መኪና ረዳትነት ጀምረው መካኒክ ሆኑ። እስከ ዛሬ እጃቸው ሞተር ውስጥ ሆኖ እንኳ አፋቸው ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ለሁላችንም ነው። ወርቁ ግን አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ያን ሰሞን የወደቀው እኔ ላይ ነበር።

እኔ የእግርና የፍሬን ሰው ነኝ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። በከባድ ማርሽ መውረድ የሰለቸው ሹፌር ፍሬን ላይ ቆሞ ይወርደዋል። ደጀንን አልፎ ማርቆስ ሲገባ ከመኪናው በፊት ሽታው ይደርሳል። የፍሬኑ ሸራ ተቃጥሏል፤ ሸራው የሚጫነው የብረት ታምቡር ሰማያዊ ቀለም አውጥቷል። እነሱ ቆመው ለወረዱት እኔ ቁጢጥ ብዬ እከፍላለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩት የቢራ ሳጥን ላይ ነው። ላዩ ላይ አራት እጥፍ ኬሻ። ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ለመሄድ ከስሬ በእጄ እየጎተትኩ። ያለፈው ክረምት ጉልበቴ እምቢ አለ። የማርቆስ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንድ ጠዋት ስነሳ ሳቃስት የጋራዡ ባለቤት ሰማኝ መሰለኝ፣ "መርካቶ የሚሄድ ሰው አለ፤ ወንበር ላስመጣልህ። አንተው ምረጥ" አለኝ።

መረጥኩ።

ስልክ ላይ ፎቶ ሳገላብጥ ያመሸሁት መቀመጫውን እያየሁ ነው። ወፍራም ስፖንጅ፣ ጥቁር ቆዳ መሰል ልብስ፣ በጋዝ ከፍ ዝቅ የሚል፣ አምስት እግር፣ የሚያብረቀርቅ። ጎማውን አላየሁም። ቀኑን ሙሉ ከጎማ ጋር የሚውል ሰው ጎማውን አላየሁም! 6,500 ብር ተከፈለና መጣ።

የመጣ ቀን ጋራዡ ሰርግ ቤት መሰለ። ረዳቱ ተቀመጠበት፣ ጎሚስታው ተሽከረከረበት፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒዋን እንደያዘች ሞከረችው። ዘበኛው ባለጎማ ወንበር ሲባል ሰምቶ "ደግሞ ማን ታመመ?" እያለ መጣ። የኔታ መጨረሻ መጡ። እጃቸውን በቡትቶ እየጠረጉ አንዴ ዞሩት። አልተቀመጡም።

"ወንበር ዘረጋህ?" አሉኝ።

"አዎ የኔታ።"

"ወንበር የሚዘረጋ እኮ ቅኔውን የጨረሰ ነው። እኔ ያልጨረስኩትን አንተ መቼ ጨረስከው ልጄ?"

ጎጃም ተወልዶ ወንበር መዘርጋት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ራሱ ጉባኤ ተክሎ የሚያስተምር ነው ወንበር የሚዘረጋ። እኔ ደግሞ ፍሬን ልሠራበት ነው ያመጣሁት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። "ዘመኑ ተለውጧል የኔታ" ብቻ ነው ያልኩት። ማታ ተኝቼ አምስት የተሻሉ መልሶች መጡልኝ። መልስ እንደሆነ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ማታ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ወንበሩ በሦስተኛው ቀን ጠላኝ። እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎ ከመሬት 46 ሳንቲ ሜትር ነው። ለጽሕፈት ቤት ሰው ደግ ነው። በክሪክ የተነሳ ሚኒባስ ፊት ስቀመጥ ግን ደረቴ ፊት መሆን ያለበት ታምቡር ጉልበቴ ፊት ሆነ። ጉልበቴን ላድን ብዬ ወገቤን አጎበጥኩት። ስፖንጁም ለስላሳ ነው ያልኩት ቶሎ ተኛ፤ በሁለተኛው ሳምንት የምቀመጠው እንጨቱ ላይ ነበር። የስፌቱ ቀዳዳ ዘይት ጠጣ። ሱሪዬን አይታችሁ ቢሆን። ግን ለማን ልናገር? ራሴ የመረጥኩት ነዋ። የኔታ እያዩ "ተመችቶሃል?" ሲሉኝ "በጣም!" እላለሁ።

ቅዳሜ ቀን ነው። ከቢቸና ጤፍ ጭኖ የመጣ አይሱዙ የኋላ እግሩን ፈትቼ ታምቡሩን አወጣሁ። ከ20 ኪሎ የማያንስ ብረት ነው። ታቅፌው ከምነሳ ብዬ መሬቱን በእግሬ ረገጥኩና ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። ጥሩ ሄድኩ። ሲኒማ ነበር የመሰለኝ። መሬቱ ላይ አንዲት የብሎን ዳዶ ነበረች፤ በአሥራ አራት ቁልፍ የምትፈታዋ ዓይነት። ጎማዋ ዳዶዋ ጋ ስትደርስ ቆመች። እኔ አልቆምኩም።

ቀጭ አለ። ቀጥሎ ያየሁት የጋራዡን ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ታምቡሩ አምልጦኝ ተንከባለለና የባለጤፉን ጫማ ለጥቂት ስቶ ግድግዳው ሥር ቆመ። ጀርባዬን የተቀበለኝ የተቃጠለ ዘይት ያጠራቀምንበት ሳፋ ነው። ሙቀቱ አሁንም ይታወሰኛል፤ ከደቂቃዎች በፊት ከሞተር የወረደ ዘይት ነበር።

ጋራዡ ጸጥ አለ። የኔታ ሌላ መኪና ሥር ናቸው። ጫማቸው ብቻ ይታያል።

"ምንድን ነው የወደቀው?" አሉ ከዚያው።

"ወንበሩ" አለ ረዳቱ። ጨዋ ልጅ ነው።

ጫማቸው ትንሽ ተወዛወዘ። ከዚያ ከመኪናው ሥር ቀስ ብሎ ድምፃቸው ወጣ።

"እሱ ወንበር ዘረጋ ስንል፣ ለካ ወንበሩ ነው እሱን የዘረጋው!"

ባለጤፉ ሰውዬ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ተንፈቀፈቁ። ዘበኛው ተቀምጦ ሳቀ። እኔ ዘይቱ ውስጥ እንደተንጋለልኩ አንድ ነገር ገባኝ። ሰውዬው ይህን ያሰቡት አሁን አይደለም። ሰሙን የዛሬ ሁለት ሳምንት አስቀምጠው፣ ወርቁን እኔ እስክወድቅ ሲጠብቁ ነው የከረሙት። ዳዶዋ ከየት መጣች የሚለውን አላጣራሁም። ያን ዕለት አሥራ አራት ቁልፍ ይዞ የዋለው ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ሰኞ ወንበሩን ገልብጬ መረመርኩት። ጎማዋን ከእግሩ ጋር የያዘችው ፒን ከትንሽ ጣቴ ትቀጥናለች፤ ከአንገቷ ላይ ነው የተቀነጠሰችው። ወረቀቱ 150 ኪሎ ይሸከማል ይላል። እኔ 70 አልሞላም። ግን ያ ቁጥር ለጥ ባለ ወለል ላይ ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ጎማ እየሄደ ሲገታ ሸክሙ ወደ ታች መሆኑ ቀርቶ ወደ ጎን ይሆናል፤ ፒኗን እንደ ሸንኮራ ነው የሚሰብራት። ጎማዋ ደግሞ አምስት ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው። ትልቅ ጎማ ዳዶን ይወጣዋል፤ ትንሽ ጎማ ይገታበታል። ባጃጅ ይዞ ጉድጓድ ለሚገባ ሹፌር ሁሉ ይህን የምሰብከው እኔ ነኝ።

ረዳቱ የመሐሉን ቱቦ በግራይንደር ቆርጦ ሊጠቀምበት ተነሳ። ጮኼ አስጣልኩት። ውስጡ የታመቀ ናይትሮጅን አለ፤ እሳትና መቁረጫ የሚነካ ነገር አይደለም።

ከዚያ ጎረቤታችን በያጅ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ የቢራ ሳጥኔን ለካሁት። 30 ሳንቲ ሜትር። ለጉልበቴ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ 36 አልኩት። ከፍ ዝቅ የሚል ነገር አልፈልግም፤ የማይንቀሳቀስ ነገር አይበላሽም። ከአንግል ብረት አራት እግር ሠራን፤ እንዳይገለበጥ ከመቀመጫው ወደ ውጭ ሰፋ አድርገን። ጎማዎቹ አሥር ሳንቲ ሜትር፣ በፒን የሚሰካ ሳይሆን በሳህን ላይ በአራት ብሎን የሚታሰር። ተራው ጥቁር ላስቲክ ዘይትና ናፍጣ ሲጠግብ ያብጣል፤ ሻጮቹ ፒዩ የሚሉትን ጠንካራውን ቀይ ገዛሁ። ስፖንጁን ከወደቀ ሚኒባስ የሹፌር ወንበር ወሰድኩ፤ ጠንካራ ነው፣ ብዙ ሹፌር ችሏል። ልብሱ የጭነት መኪና ሸራ ቁራጭ፣ ስፌቱ ወደ ሥር የዞረ። ስለዚህ አሁን ሸራ የምቀይረው ሸራ ላይ ተቀምጬ ነው። ከሥሩ ለብሎንና ለዳዶ የላሜራ ትሪ አበየድን። ዳዶ መሬት ላይ እንዳይገኝ።

ወጪው የመጀመሪያውን ግማሽ አልሞላም። ባለቤቱ ግን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው። ደሞዝ ጨምርልኝ ባልኩ ቁጥር "6,500 ብር ወንበር ገዝቼልህ?" ይለኛል።

የኔታ አዲሱን እንዳዩት በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ሄደ፣ የወለሉን ስንጥቅ ተሻገረ፣ ቆመ። ተቀመጡበት። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሄዱ። አፋቸውን እስኪከፍቱ ጠበቅሁ፤ ያን ቀን መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሦስት ሌሊት የታሰበበት። ምንም አላሉም። ቅኔ ሳይወጣቸው ሲቀር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አልተነሱምም። ሰባት ወር ሆነው። ጠዋት ቀድመውኝ ይገባሉ። "ወገቤን ልጄ" ይላሉ፤ ስድሳ ሁለት ዓመት የሞላውን ሰው ተነሱልኝ አይባልም። ወንበሩን የዘረጋሁት እኔ፣ የተቀመጡበት እሳቸው። ረዳቱ ጉልበቴን አይቶ የቢራ ሳጥኑን ከጓሮ አምጥቶልኛል፤ ኬሻው አዲስ ነው።

ትናንት ማርሽ ቤት ሊያወርዱ እየተንከባለሉ በአጠገቤ አለፉ።

"ልጄ፣ አሥራ አራቷን አቀብለኝ።"

ከመነሳቴ በፊት መሬቱን አየሁ።