እጅዎን ይሰብስቡ

ወንድሜ ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ሲገባ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጀምበር አስታማሚ ሆነ። የጭን አጥንቱ ተሰብሯል፣ ጭንቅላቱም ተመትቷል። የአደጋውን ነገር እዚህ ልተወው። መጻፍ የፈለግኩት ስለ እኛ ነው፣ አልጋው ዙሪያ ቆመን ምን እንደምናደርግ ግራ ስለገባን። "አይዟችሁ" የሚለን ሰው ሞልቶ ነበር። "ይሄን ያዙ፣ ይሄን ተዉ" የሚለን ግን ጠፋ።

ፅኑ ህሙማን ክፍል ደጃፍ ላይ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ቁጥር ነው። ሐኪሞቹ የታካሚውን ንቃት በግላስጎው መለኪያ ነው የሚያወሩት። ዓይኑን ይገልጣል ወይ፣ ይናገራል ወይ፣ ሲያዙት ይንቀሳቀሳል ወይ ተብሎ ይደመርና ከ3 እስከ 15 ይሰጠዋል። ቲስዴልና ጄኔት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። ለሐኪም ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ለቤተሰብ ግን ሕመም ይሆናል። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን እንደ ኳስ ውጤት "ዛሬስ ስንት ገባ?" እንባባል ነበር። አንዲት ነርስ ይሄንን ሰምታ "ቁጥሩን ለእኛ ተዉት፣ እናንተ አናግሩት" አለችን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው።

እናወራው ጀመር። ሲነቃ ያገኘነው ሰው ግን ሌላ ነበር። ጣሪያው ላይ ሰዎች አሉ ይላል፣ እማዬን አላምናትም ይላል፣ ቱቦውን ሊነቅል ይታገላል። እማዬ "ልጄ አበደ" ብላ ውጭ ወጥታ አለቀሰች። አላበደም። ዴሊሪየም ይሉታል፣ በከባድ ሕመም ጊዜ የሚመጣ የአእምሮ መደናገር ነው። በተለይ መተንፈሻ ማሽን ላይ የቆዩ ሰዎች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀስ እያለ ይለቃል። የሚያግዘው ነገር ደግሞ ሲሰሙት ተራ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን መንገር፣ የት እንዳለ ሳይሰለቹ ደጋግሞ መንገር፣ ቀን መጋረጃውን ከፍቶ ማታ መብራትና ጫጫታ መቀነስ፣ መነጽር የሚያደርግ ከሆነም መነጽሩን ማምጣት። በዚያ ጭንቅ መሀል መነጽር ማን ያስታውሳል? እህቴ አስታወሰች። የመነጽሩ አንዱ ክንድ በፋሻው የተነሳ ጆሮው ላይ አልቀመጥ ሲላት በፕላስተር ፋሻው ላይ ለጠፈችው። ተንጋዶ ነበር፣ ግን ያያል። የግድግዳውን ሰዓት ትክ ብሎ አየና "አስር ሰዓት ሆኗል እኮ፣ ምሳ አልበላችሁም?" አለን።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በሥርዓት ያዝነው። ሐኪም የሚያነጋግር አንድ ሰው መረጥን፣ አንድ ደብተርም ገዛን። ሁሉም የየራሱን ጥያቄ ይዞ ዶክተሩን ሲያሳድድ ሁሉም የተለያየ መልስ ይዞ ነው የሚመለሰው፣ ከዚያ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ይጣላል። ደብተሩ ላይ መድኃኒቱ፣ የተባለው ነገር፣ ነገ የሚጠየቀው ይጻፋል። የእኛን ደብተር ወንድሜ ራሱ በኋላ ወስዶ አነበበው፣ ምክንያቱም ከዚያ ጊዜ የሚያስታውሰው ነገር የለም። ልጠይቅ እያለ ለሚመጣው ወዳጅ ዘመድ ደግሞ ሥራ ስጡት። አልጋው ዙሪያ ከንፈር ከሚመጥ አንድ ሌሊት ቢያድርላችሁና እናንተ ብትተኙ ይሻላል። ያልተኛ አስታማሚ ነገረኛ ይሆናል፣ እኔን ጠይቁኝ።

ወደ ተራው ክፍል ሲዛወር ሥራው በዛ። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው በአንድ ጎኑ ከተተወ ተረከዙ፣ ዳሌው፣ የጀርባው ታች ይቆስላል። ሉድቪግ ጉትማን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞችን ክፍል ሲከፍት፣ እንዲህ ዓይነት ጉዳተኞች በብዛት የሚሞቱት በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ነበር። እሱ ሌት ተቀን በየሁለት ሰዓቱ አገላበጣቸው። ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሕይወት ተርፈው እዚያው ተኝተው ይቀሩ ነበር። እሱ ግን ሥራና ስፖርት አስጀመራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ዊልቸር ላይ ሆነው ቀስት አስወረወራቸው፣ ያ ውድድር ነው አድጎ ፓራሊምፒክ የሆነው። እኛም መገላበጡን ከነርሶቹ ተማርንና ጎበዝ ሆንን። ሁለተኛው፣ ራሱ እንዲሠራ መተዉ፣ ነው ያቃተን።

ሸሚዝ መቆለፍ ልበላችሁ። ወንድሜ ቁጭ ማለት ሲጀምር ፊዚዮቴራፒስቱ ሸሚዙን ራሱ እንዲቆልፍ አዘዘው። ጣቱ ቁልፉን ይይዛል፣ ቀዳዳውን ይፈልጋል፣ ያመልጠዋል። እንደገና ይይዛል። ሦስተኛውን ቁልፍ አራተኛው ቀዳዳ ውስጥ አስገብቶ ሸሚዙ አንድ ጎኑ ተሰቀለ፣ ላብ በግንባሩ ወረደ። እማዬ እጇን ዘረጋች። ፊዚዮቴራፒስቱ ፈገግ ብሎ "እማማ፣ እጅዎን ይሰብስቡ፣ መድኃኒቱ ይሄ ነው" አላት። እማዬ እጇን በነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ቆልፎ ሲጨርስ ሸሚዙ አሁንም የተንጋደደ ነበር፣ ግን ማንም እንዲያስተካክልለት አልፈቀደም።

ጡንቻ አልጋ ላይ በቀናት ውስጥ መሟሸሽ ይጀምራል። ስለዚህ ያዘንንለት እየመሰለን ባጎረስነውና በተሸከምነው ቁጥር ጉልበቱን እየወሰድንበት ነው። ይሄ ለመጻፍ ቀላል ነው። ሲያቃስት ቆሞ ማየት ግን ሆድ ይፈልጋል። ማስታገሻ ከእንቅስቃሴው ቀደም ብሎ እንዲሰጠው ሐኪሙን ጠይቁ። ሕመሙ ከተፋፋመ በኋላ ማብረዱ ይከብዳል፣ ያመመው ሰው ደግሞ አይንቀሳቀስም።

እጅ የማይሰበሰብበት ነገርም አለ። አንዱ ባቱ አብጦ ካመመው፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ አጥሮት ደረቱን ከወጋው፣ "ያልፍለታል" አይባልም፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ይጠራል። ሲጋራም እንደዚያው። የአጥንት ስብራት መጠገንን ያዘገያል፣ ስለዚህ ተደብቀው የሚያቀብሉትን ጓደኞቹን ያለ ይሉኝታ ቆጣ ብዬ መልሻለሁ። ተቀያይመናል፣ ይቀያየሙ።

ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ቁጣው መጣ። ጭንቅላት የተመታ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፣ ድምፅ ይረብሸዋል፣ በትንሹ ይናደዳል። እግሩ ውስጥ ያለውን ብረት በኤክስሬይ አይተነዋል፣ ይሄኛው ግን በኤክስሬይ ስለማይታይ ሰው "ድኖ የለ እንዴ፣ ጠባዩ ነው የተበላሸው" ይላል። እኛ ቴሌቪዥኑን ቀነስን፣ እንግዳ አሳጠርን፣ ሲናደድ ክፍሉን ለቀንለት ወጣን። የጭን አጥንት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፣ ጠባይ ግን ቀጠሮ የለውም።

አሁን በአንድ ክራንች ነው የሚሄደው። ደረጃ ሲወጣ እንዲከተሉት አይፈልግም፣ በግልጽ ከልክሏል። እማዬም አትከተለውም። እሱ ደረጃው ጋ ሲደርስ ብቻ በሩን ከፍታ "ነፋስ ልቀበል ነው" ትላለች።