ሽቦውን ዝቅ አድርገው፦ ስለ አጭር ሞገድ ወታደራዊ ግንኙነት

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ፣ አዳማ ውስጥ በምኖርበት ግቢ ባሉት ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፎች መካከል ለአጭር ሞገድ መቀበያዬ የሚሆን ሽቦ ዘረጋሁ። ሽቦው ከመሬት 15 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር፤ ለዚህም ዛፍ መውጣት የሚችል አንድ ወጣት ፈልጌ ከፍያለሁ። አንቴና ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል የሚለውን ትምህርት ያለ ጥያቄ የተቀበልኩ የኤሌክትሮኒክስ መምህር ነበርኩ። ውጤቱ ግን ግራ አጋባኝ። ሌሊት የአውሮፓና የእስያ ጣቢያዎች ጥርት ብለው ሲገቡ፣ በቀጥታ መስመር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው አዲስ አበባ በ9.7 ሜጋኸርዝ ቀን የሚተላለፈው ሥርጭት እየሰመጠ እየወጣ አስቸገረኝ።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በጦሩ የመገናኛ ክፍል ያሳለፉ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በኩል አንጋጠው ሽቦዬን ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ሽቦውን ሰማይ ላይ ሰቅለህ ሰማዩን እንዳያይ አደረግኸው። ዝቅ አድርገው» አሉኝ። ያን ጊዜ በአክብሮት ሰምቼ ዝም አልኩ፤ በልቤ ግን አላመንኳቸውም። ምክራቸው ምን ያህል ትክክል እንደነበር የገባኝ ስሌቱን በወረቀት ላይ ከሠራሁ በኋላ ነው።

የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ 300ን በሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ በሚሊዮን ንዝረት ለተገለጸው ድግግሞሽ ስናካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር እናገኛለን። አጭር ሞገድ የሚባለው ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል ከ100 እስከ 10 ሜትር የሚደርስ የሞገድ ርዝመት አለው። ከዚህ ከፍ ባለ ድግግሞሽ የሚሠሩት፣ ለምሳሌ ቪ ኤች ኤፍ የሚባሉት የእጅና የመኪና ሬዲዮዎች፣ በአመዛኙ እንደ ዓይን ናቸው፤ የሚደርሱት እስከሚታየው ድረስ ነው። ከአዳማ ጎባ 190 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን የአርሲና የባሌ ከፍታዎች በመካከል ስለሚቆሙ፣ ተራራ ላይ ምልክቱን ተቀብሎ መልሶ የሚልክ ጣቢያ ካልተተከለ በቀር በእንዲህ ያለ ሬዲዮ መነጋገር አይቻልም። የአጭር ሞገድ አንዱ ክፍል መሬትን ተከትሎ ይሄዳል፤ በደረቅና ድንጋያማ መሬት ላይ ግን ብዙ ሳይርቅ ይሟሽሻል። የቀረው መንገድ የሰማዩ ነው።

የሬዲዮ ፈር ቀዳጅ የሆነው ጣሊያናዊው ማርኮኒ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1901 ከእንግሊዝ ፖልዱ የተላከውን ምልክት ኒውፋውንድላንድ ላይ ሆኖ መቀበሉን ሲገልጽ፣ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ሞገድ የምድርን ጉብታ እንዴት እንዳለፈ ማንም ሊያስረዳ አልቻለም ነበር። በተከታዩ ዓመት ኬኔሊና ሄቪሳይድ የተባሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ሊቃውንት በየፊናቸው በላይኛው አየር ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንጣፍ መኖር አለበት አሉ። ንጣፉ መኖሩን በሙከራ ያረጋገጠው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ አፕልተን ነው፤ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን፣ በ1947 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ንጣፎቹን ዲ፣ ኢ እና ኤፍ ብሎ በፊደል ሲሰይም ከሥር ሌሎች ቢገኙ ብሎ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት መተዉ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አዮኖስፌር የሚባለው ይህ ክፍል የተፈጠረው የፀሐይ ብርቱ ጨረር ከአየሩ አተሞች ላይ ኤሌክትሮኖችን ስለሚነጥቅ ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ከ200 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የኤፍ ንጣፍ ሲሆን፣ ሞገዱን ቀስ በቀስ አጥፎ ወደ ምድር ይመልሰዋል። ሆኖም የሚመልሰው ሁሉንም አይደለም። በቀጥታ ወደ ላይ የተላከ ሞገድ ከአንድ ወሰን በላይ ድግግሞሽ ካለው ንጣፉን በስቶ ወደ ጠፈር ያመልጣል። ጋደም ብሎ በሰያፍ የተላከው ግን በጠፍጣፋ ድንጋይ የውኃ ገጽ እንደሚመታ ልጅ ጨዋታ፣ ከፍ ባለ ድግግሞሽም ቢሆን ነጥሮ ሊመለስ ይችላል።

ቁጥር ካላስቀመጥን ነገሩ ግልጽ አይሆንም። ንጣፉ በ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ወሰኑም 8 ሜጋኸርዝ ነው እንበል። ከአዳማ ሐዋሳ በቀጥታ መስመር 186 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞገዱ ሐዋሳ እንዲያርፍ ከመሬት በ73 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም አናት ላይ ለመድረስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተቃንቶ መነሣት አለበት፤ የሚጓዘውም 186 ሳይሆን 630 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ማዕዘን ሊመለስ የሚችለው ከፍተኛው ድግግሞሽ 8.4 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ጎዴ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ማዕዘኑ ወደ 48 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ ወሰኑም ወደ 10.8 ከፍ ይላል። ታዲያ አንድ የሬዲዮ ሠራተኛ ከአዳማ በ10 ሜጋኸርዝ ቢጣራ ጎዴ ይሰማዋል፣ ሐዋሳ አይሰማውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ብሂል እዚህ አይሠራም። የመሬቱ ሞገድ ካበቃበት የሰማዩ ሞገድ እስከሚያርፍበት ድረስ በጣቢያው ዙሪያ የዝምታ ቀለበት ይፈጠራል፤ ኃይል መጨመርም ቀለበቱን አይዘጋውም፣ የጨመርነው ኃይል ወደ ጠፈር ስለሚሄድ። ሠራተኛው ማድረግ ያለበት ድግግሞሹን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ንጣፉ ከሰዓት ሰዓት ስለሚዋዥቅም ከወሰኑ 85 በመቶ ገደማ ላይ መሥራት የተለመደ ነው፤ ለሐዋሳ 7.1 ሜጋኸርዝ መሆኑ ነው።

ድግግሞሹ ትክክል ቢሆንም ሞገዱ ወደ ላይ ካልተነሣ ግን ምንም ዋጋ የለውም፤ የሃምሳ አለቃ ምክር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአግድም የተዘረጋ ሽቦ የሚልከው ሞገድ ግማሹ በቀጥታ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ መሬት ወርዶ ከተንጸባረቀ በኋላ ወደ ላይ ይሄዳል፤ መሬቱም ሲያንጸባርቅ ሞገዱን ይገለብጠዋል። የሽቦው ከፍታ የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል ሲሆን ሁለቱ አናት ላይ ተደማምረው ይበረታሉ። ከፍታው የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ሲሆን ግን እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ጉልበቱም ወደ አድማስ ይተኛል። ለተቀባይ ሽቦም ሕጉ ያው ነው። የ9.7 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 31 ሜትር ነው፤ ግማሹ 15.5። እኔ ገንዘብ ከፍዬ ሽቦዬን የሰቀልኩት በትክክል ከአናት ለሚመጣው ሞገድ በሚያደነቁረው ከፍታ ላይ ነበር! አውሮፓና እስያ ጥርት ብለው የገቡት ምልክታቸው ከአድማስ ዝቅ ባለ ማዕዘን ስለሚመጣ ነው።

በመኪና ላይ የሚቆመው ዘንግ አንቴና ደግሞ በተፈጥሮው ወደ አናቱ ምንም አይልክም። በተራራማ አገር የሚንቀሳቀሱ ወታደሮች መኪናው ሲቆም ዘንጉን ወደ ኋላ አጉብጠው በገመድ የሚያስሩት ለዚህ ነው። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ አሜሪካውያን ደግሞ በቬትናም ጫካ ይህንን ወደ አናት የመተኮስ ዘዴ ተጠቅመውበታል። ሞገዱ እንደ ዝናብ ከላይ ስለሚወርድ በሸለቆ ውስጥ ያለውንም ጣቢያ ያገኘዋል።

ስለ ቀንና ሌሊት አጭር ነገር ልበል። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ያለው የዲ ንጣፍ በቀን ዝቅተኛ ድግግሞሾችን ይውጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጠፋል። የኤፍ ንጣፍ በበኩሉ ሌሊቱን እየሳሳ ሄዶ ሊነጋ ሲል ከሁሉ ይደክማል። ስለዚህ ድግግሞሹ ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ይደረጋል፤ የንጋቱ ሽግግር ለጀማሪ የሬዲዮ ሠራተኛ ከባዱ ሰዓት ነው። የአሥራ አንድ ዓመቱ የፀሐይ ዑደትም ይህን ሁሉ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ ብዙም የማይገኘው፣ እኛን ግን በቀጥታ የሚመለከተው ጉዳይ የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ማለፉ ነው። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ጥናት ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲቋቋም ቦታውን ተፈላጊ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። በዚህ ወገብ ላይ የመግነጢስ መስመሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ ጋደም ብለው ያልፋሉ። ወደ አናት የተላከ ሞገድም ለሁለት ይከፈላል፦ የኤሌክትሪክ መስኩ ከመስመሮቹ ጋር የተስተካከለውና መስመሮቹን የሚያቋርጠው። የሚያቋርጠው በዝቅተኛ ድግግሞሽ የበለጠ ይዋጣል፤ በአንጻሩ የመመለሻ ወሰኑ በግማሽ ሜጋኸርዝ ያህል ይበልጣል። ለሬዲዮ ሠራተኛው ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ሽቦውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘርጋ፣ የሚያነጋግረው ጣቢያም እንዲሁ ያድርግ። አንዱ ሰሜን ደቡብ፣ ሌላው ምሥራቅ ምዕራብ ከዘረጉ ምልክቱ እጅግ ሊዳከም ይችላል። የሽቦ ጫፍ ወደሚያመለክትበት አቅጣጫ አይልክም ብለን ተምረናል፤ በ73 ዲግሪ ለሚነሣ ሞገድ ግን ጫፉ ወደ ሐዋሳ ቢያመለክትም ጉዳቱ ጥቂት ነው። የዚህ ሰማይ ክፉ ጠባይም አለ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ የኤፍ ንጣፍ ይበጣጠስና ድምፁ ይርገበገባል።

ከሰማይ የሚወርድ ሞገድ ወዳጅና ጠላት አይለይም። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ አስመራ ላይ የያዙትና እስከ 1977 የቆየው ቃኘው የተባለው የሬዲዮ መገናኛና መጥለፊያ ጣቢያ ከፍታውና ለምድር ወገብ ያለው ቅርበት የተወደደለት፣ ወቅቶች ብዙ ስለማይለያዩ ድግግሞሽ መቀያየር ስለማያበዛ ነበር። ለመገናኘት የተመቸ ሰማይ ለመጥለፍም ይመቻል። ሃምሳ አለቃም በሥራ ዘመናቸው ከሁሉ በላይ የተማሩት መልእክትን ማሳጠር እንደሆነ ነግረውኛል፤ በአጥሩ በኩል ሲያወሩ ግን ይህ ትምህርት አይታይባቸውም።

ሽቦዬን ወደ 7 ሜትር ባወረድኩ ቀን የአዲስ አበባው ድምፅ ጸንቶ ቆመ፤ የሩቅ መብረቅ የሚያመጣው ጫጫታም ቀነሰ። ዛፎቹ የቆሙት ምሥራቅና ምዕራብ ስለነበር አቅጣጫውን ማስተካከል የቻልኩት እነሱ ከተቆረጡ በኋላ ነው። አሁን ሽቦው በሁለት የብረት ምሰሶዎች መካከል ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቷል፤ አዲስ የመጡት ተከራዮች ለምን እንዲህ የረዘመ የልብስ ማስጫ እንዳስፈለገኝ ጠይቀውኛል።