«ቁና ቁና ትተነፍሳለች» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ማታ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዝናቡ ይወርዳል፤ መስኮቱን ሁሉ ዘግቻለሁ። እንግዶቼ ሦስተኛውን ቡና ጠጥተው ጨዋታው ደርቷል። የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ብዬ ዕጣኑን ከነማጨሻው ከሳሎን አንስቼ መኝታ ቤቱ በር ላይ አድርጌዋለሁ። አፓርታማ ውስጥ ቡና የምናፈላ ሰዎች የምናውቃት ዘዴ ነች። መኝታ ቤት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ግን ድመቴ ውሪት ተኝታ ነበር።

ውሪትን መጋቢት ላይ ከሕንፃችን መኪና ማቆሚያ ነው ያነሳኋት። እርጉዝ መሆኗን ያወቅሁት ኋላ ሆዷ ሲገፋ ነው።

መጀመሪያ ሳል ሰማሁ። ጠጉር ዋጥ አድርጋ መሰለኝ። ገብቼ ሳያት ክንዶቿን ወደ ጎን ከፍታ፣ አንገቷን አስግጋ ምንጣፉ ላይ ተለጥፋለች። ጎኗ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። አፏ ተከፍቷል። ውሻ ሲሞቀው አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ድመት ግን እንዲህ ስትሆን አይቼ አላውቅም።

የጎረቤቴ እናት ከኋላዬ መጡ። አራት የወለዱ ሴት ናቸው። «እርግዝናው ነው ልጄ፤ እኔም የመውለጃ ወሬ ሲገባ ደረጃ መውጣት ያቅተኝ ነበር» አሉኝ። ሌላዋ እንግዳ ደግሞ ግማሽ ፍሬ ታይለኖል፣ የሰው የሕመም ማስታገሻውን፣ በወተት በጥብጠን እንስጣት አለች። ሁለቱም አንጀታቸው ተላውሶ ነው። እኔ ግን ሰዓቴን ይዤ ትንፋሿን ቆጠርኩ። በደቂቃ 62።

ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ የእንስሳት ሆስፒታል ደወልኩ። «ቁና ቁና ትተነፍሳለች» ማለት ፈለግሁ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ አልመጣልኝም። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ኖሬ! ዝም ብዬ ስልኩን ወደ ውሪት አስጠጋሁት። ሴትየዋ ሰማችና «አፏ ክፍት ነው?» አለችኝ። አዎ ስላት «አሁኑኑ አምጪያት። የሰው መድኃኒት እንዳትሰጫት። እንዳትታገያትም፤ መረበሽ ራሱ ትንፋሿን ይጨርሰዋል» አለችኝ።

በር ላይ ከእጄ ተቀብለው ይዘዋት ሮጡ። ስም እንኳ አልጠየቁኝም። በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ ኦክስጅን የሚገባበት ሳጥን ውስጥ አስገብተዋታል። ወረቀቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግምቱ ከ1,900 እስከ 2,600 ዶላር ይላል፤ ግማሹ ቅድሚያ ይከፈላል። ከሥሩ አንድ ጥያቄ አለ፦ ልቧ ቢቆም ለመመለስ እንሞክር ወይስ እንተዋት? እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። እኛ ቤት ድመት አይጥ ትይዛለች እንጂ ሐኪም አታይም። በዚያው ወር ለእናቴ 200 ዶላር ነበር የላክሁት። «ሞክሩ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

የእቁባችን ዳኛ ጋር ደወልኩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። «ጋሼ፣ ተራዬን ይቀይሩልኝ፤ የታመመብኝ አለ» አልኳቸው። ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ገንዘቡን በስልክ፣ በዜል ላኩልኝ።

ሐኪሟ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ወጣች። መጀመሪያ በኦክስጅንና የአየር ቧንቧን በሚከፍት መርፌ አረጋግተዋት፣ ራጅ ያነሷት ከዚያ ነው። እንዲህ የምታጣጥር ድመት እየታገለች ራጅ ብትነሳ እዚያው ልትሞት ትችላለች። የፈሩት ደረቷ ውስጥ ውኃ እንዳይኖር ወይም ልቧ እንዳይሆን ነበር። አስም ሆነ። ድመትን አስም ይይዛታል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ራጁን አሳየችኝ። ሆዷ ውስጥ አራት ትንንሽ ጭንቅላቶች፣ የአከርካሪ አጥንታቸውም እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ። የድመት እርግዝና ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው፤ አጥንቱ በራጅ የሚታየው ከ45 ቀን አካባቢ በኋላ ነው። እርግዝናው ሲገፋ ማህፀኑ ሳንባን ስለሚጫን ትንፋሽ ትንሽ ሊፈጥን ይችላል፤ ምጥ ላይም ታለከልክ ይሆናል። ምጥ ሳይኖር አፍ ከፍቶ መተንፈስ ግን የእርግዝና አይደለም አለችኝ።

ከዚያ «ቤት ውስጥ የሚጨስ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዕጣኑ። ቶሎ የሚቀጣጠለው ከሰል። የተዘጋው መስኮት። በር ላይ ያስቀመጥኩት ደግሞ በገዛ እጄ። ጭስ አስም ያለባት ድመት ላይ በሽታውን እንደሚቀሰቅስባት ነገረችኝ። ታይለኖሉንም ነገርኳት፤ ፊቷ ተለዋወጠ። የድመት ጉበት ያንን መድኃኒት አይችለውም፤ ቀይ የደም ሕዋሷ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ግማሽ ፍሬ ሊገድላት ይችል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወሰድኳት። እርጉዝ ስለሆነች፣ መላ ሰውነቷን እንዳይነካ ብለው ሳንባዋ ውስጥ የሚገባ ስቴሮይድ፣ እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት፣ በመንፊያ (ኢንሄለር) ሰጡኝ። ትንሿን ጭንብል አፍንጫዋ ላይ ይዤ እስክትስበው እጠብቃለሁ። ተኝታ ሳለች ትንፋሿን ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሬ በሁለት አባዛለሁ። ከ30 ካለፈና ካልወረደ ወደ ሆስፒታሉ ነው።

ለእናቴ ደወልኩላት። ገንዘቡን ለመናገር አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። እሷ የጠየቀችኝ ግን «ልጆቿስ?» ብላ ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ አሮጌ ነጠላዬ ላይ ወለደች። አራተኛዋ ስታንስ ታንስ ነበር፤ ሁለተኛውን ቀን አላለፈችም። ሦስቱ ደህና ናቸው።

ቡና አሁንም አፈላለሁ፣ ያለ ዕጣን። የጎረቤቴ እናት ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ መነጽራቸውን አድርገው ቁም ሳጥኑ ጋ ይንበረከካሉ። ሰዓታቸውን አውልቀው መዳፋቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ሃያ አራት» ይሉኛል ቀና ብለው።