ማርስን ከምሕዋር ላይ ማንበብ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የማርስን ገጽ መንኮራኩሮች ከምሕዋር ባነሷቸው ምስሎች ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ የበጀኝ ልማድ፣ ወደ ጥቃቅኑ ከመግባቴ በፊት ሰፊውን ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ማርስ የደረሰችው ማርስ ሪኮኔሰንስ ኦርቢተር የተሸከመችው ሃይራይዝ የተባለው ካሜራ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ አንድ ፒክሰል 25 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት የሚወክልበት ምስል ያነሣል፤ ጀማሪን የሚማርከውም ይኸው ጥራት ነው። ይሁን እንጂ የምስሉ ወርድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የሚታየው ሸለቆ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ከእርሱ ብቻ ማወቅ አይቻልም። በዚያችው መንኮራኩር ላይ ያለው ሌላ ካሜራ በፒክሰል 6 ሜትር እያየ 30 ኪሎ ሜትር ወርድ ስለሚሸፍን፣ እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከእርሱ ነው።

ከምስሉ ጎን የከፍታ ካርታ እዘረጋለሁ። ማርስ ግሎባል ሰርቬየር በተባለችው መንኮራኩር ላይ የነበረው ሞላ የተባለው መሣሪያ በሰከንድ 10 ጊዜ የሌዘር ብርሃን ወደ ማርስ ገጽ እየላከ፣ ብርሃኑ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ በመለካት ርቀቱን ያሰላ ነበር። የሰሜኑ ሜዳ ከደቡቡ ደጋ በብዙ ኪሎ ሜትር ዝቅ ማለቱ በዚህ ካርታ ላይ ወለል ብሎ ይታያል፤ የደረቀ ወንዝ የሚመስል ቦይ ወደ የት ይፈስ እንደነበረ የምወስነውም ከፍታውን አይቼ እንጂ ቅርጹን አይቼ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የብርሃን ጉዳይ ነው። የማርስ ሪኮኔሰንስ ኦርቢተር ምሕዋር ከፀሐይ ጋር የተናበበ ስለሆነ፣ ከዋልታዎቹ ራቅ ባሉ ቦታዎች ላይ ምስሎቹ የሚነሡት በአካባቢው ሰዓት አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ነው፤ ሰሜን ወደ ላይ ሆኖ በተዘረጋ ምስል ላይም ብርሃኑ ከግራ፣ ማለትም ከምዕራብ በኩል ይመጣል። ይህን ያልያዘ ዓይን ጉድጓዱን ጉብታ፣ ጉብታውንም ጉድጓድ አድርጎ ያያል። የብርሃኑ አቅጣጫ ከታወቀ ግን ጥላው ራሱ መለኪያ ይሆናል። ለምሳሌ ፀሐይ ከአድማስ በላይ 30 ዲግሪ ላይ ሳለች፣ በ25 ሳንቲ ሜትር ፒክሰል የአንድ ቋጥኝ ጥላ 12 ፒክሰል ቢረዝም፣ የጥላው ርዝመት 3 ሜትር ነው ማለት ነው፤ ይህ በ30 ዲግሪ ታንጀንት፣ ማለትም በ0.577 ሲባዛ የቋጥኙ ቁመት 1.7 ሜትር ያህል ይሆናል። ስሌቱ የሚሠራው ጥላው ያረፈበት መሬት ለጥ ያለ ሲሆን ነው፤ ተዳፋት ላይ ከሆነ የተዳፋቱ ማዕዘን መታከል አለበት።

መረጃዎችን ማጣመርን የተማርኩት በጄዜሮ ነው። ይህ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ በምዕራብ በኩል የሚገባበት ጥንታዊ ቦይ አለው፤ በቦዩ አፍም የተንጣለለ የደለል ክምር ይታያል። ቅርጹ ውኃ ገብቶ ተኝቶበት እንደነበር ይጠቁማል፤ ድንጋዩ የሚመልሰውን ብርሃን በሞገድ ርዝመት የሚተነትነው መሣሪያ ደግሞ በዚያው አካባቢ የሸክላና የካርቦኔት ማዕድናትን ለይቷል። ፐርሲቪራንስ የተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያ እንድታርፍ ከተመረጠባቸው ምክንያቶች መካከል እነዚህ ይገኙበታል።

አንድን ቦታ በተለያየ ወቅት ማየት ደግሞ የራሱ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆኑት፣ በሞቃቱ ወቅት በተዳፋት ላይ እየረዘሙ በብርዱ የሚደበዝዙት ጥቋቁር መስመሮች በመጀመሪያ ጨዋማ ውኃ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ነበር። በ2017 የወጣ ጥናት ግን መስመሮቹ የሚያበቁት ደረቅ አሸዋ መንሸራተቱን በሚያቆምበት የተዳፋት ማዕዘን ላይ መሆኑን አሳየ። እኔን ያሳመነኝ ይህ የማዕዘን መለኪያ ነው፤ ቀለም ብዙ ነገር ሊያስመስል ይችላልና።

አሁን የያዝኩት ማርስ ኦዲሴይ የተባለችው መንኮራኩር ያነሣቻቸውን የሌሊት ሙቀት ምስሎች ነው። አለት ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚያቆየው ደምቆ፣ አቧራ ግን ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ጠቁሮ ይታያል፤ በመሆኑም በቀን ምስል አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ሜዳዎች ሌሊት ይለያያሉ። ቀጥሎ እነዚህን ምስሎች ከጥላ ልኬቴ ጋር በአንድ ካርታ ላይ አነባብራለሁ።