አንድ ሙቀት በሦስት መስፈሪያ

እዚህ ቨርጂኒያ ብርዱ ጠንከር ሲል ደንበኞቼ ሁሉ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ቤት ለማሞቅ ጋዝ ይሻላል ወይስ መብራት? ሥራዬ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና ስለሆነ መልስ መስጠት አያቅተኝም፤ ነገር ግን ሰው በየወሩ ከሚደርሱት ሁለት ሂሳቦች መልሱን ራሱ ማግኘት አለመቻሉ ያሳዝነኛል። የመብራቱ ሂሳብ በኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። የጋዙን ቆጣሪው በኩብ ጫማ ይቆጥረውና ሂሳቡ ላይ ቴርም ወደሚባል የሙቀት መስፈሪያ ተለውጦ ይደርሳል፤ ማሞቂያው ላይ የተለጠፈው መግለጫ ደግሞ ቢቲዩ በሚባል አነስተኛ የሙቀት መስፈሪያ፣ በሰዓት ይህን ያህል ቢቲዩ ይላል።

ባለፈው ሳምንት አንድ በዕድሜ የገፉ የአገሬ ሰው ሁለቱን ሂሳቦች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ጋዙ 1 ዶላር ከ50 ይላል፤ መብራቱ 15 ሳንቲም። ታዲያ መብራቱ አይረክስም?» አሉኝ።

«አባባ፣ መስፈሪያው እኩል አይደለም፤ የጋዙ ዋጋ ለአንድ ቴርም ነው፣ የመብራቱ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት» ብዬ እዚያው ወረቀት ላይ አሰላሁላቸው። አንድ ቴርም 100,000 ቢቲዩ ነው፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,412 ቢቲዩ ነው። ስለዚህ አንዱ ቴርም 29.3 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በዚህ ሂሳብ ጋዙ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 5 ሳንቲም ገደማ ያስከፍላቸዋል ማለት ነው። አሥር እጥፍ ርካሽ መስሎ የታየው መብራት ሦስት እጥፍ ያህል ውድ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። አሮጌው የጋዝ ማሞቂያቸው ከሚያቃጥለው 80 ከመቶውን ብቻ ወደ ቤት ስለሚያስገባ፣ የሚደርሳቸው ሙቀት እውነተኛ ዋጋ ወደ 6.4 ሳንቲም ይወጣል። ሂት ፓምፕ ቢያስገቡ ደግሞ መሣሪያው ሙቀቱን ከውጭ አየር እየሳበ የሚያስገባ በመሆኑ፣ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ከሰጣቸው ዋጋው 5 ሳንቲም ይሆናል። ብልጫው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ማሞቂያ ሊቀይር ለተነሣ ሰው ማወቁ ትልቅ ነገር ነው። እሳቸውም ወረቀቱን ደጋግመው ካዩት በኋላ «ታዲያ ይኼን ለምን አይጽፉልንም?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ከእኔ ጋር ቀርቷል፤ ምክንያቱም መግለጫዎቹ በሙሉ በዚሁ መንገድ የተጻፉ ናቸው። የማቀዝቀዣን ብቃት የሚያሳየው ሲር የተባለው ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ሲር 2 የሆነው፣ በሙቀቱ ወራት ከቤት የወጣውን ሙቀት በቢቲዩ ይዞ መሣሪያው ለፈጀው ዋት ሰዓት የሚያካፍል ነው። 15 የተባለው ለ3.412 ካልተካፈለ በቀር፣ መሣሪያው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት እንደሚያወጣ ማንም ሊያየው አይችልም። መጠኑም የሚነገረው በቶን ነው፤ ቶን የሚባለው 2,000 ፓውንድ በረዶ በ24 ሰዓት ቀልጦ እንዲያልቅ የሚያስፈልገው ሙቀት ሲሆን፣ በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ወይም 3.5 ኪሎዋት ማለት ነው። ባለ 3 ቶን ማቀዝቀዣ 10.5 ኪሎዋት ሙቀት ከቤት ያወጣል፤ ከመስመሩ የሚስበው ግን ሦስት ኪሎዋት ገደማ ነው።

ሞተርም ከዚህ አያመልጥም። 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ይህ ግን ሞተሩ በዘንጉ የሚያወጣው እንጂ ከመስመሩ የሚስበው አይደለም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ ለባለ 1 የፈረስ ጉልበት ነጠላ ፌዝ ሞተር በ230 ቮልት 8 አምፔር ያስይዛል፤ ይህም ሲባዛ 1,840 ቮልት አምፔር ይሆናል፣ የማስነሻውን ጭነት ሳንጨምር። አገር ቤትም የውሃ ፓምፕ በፈረስ ጉልበት፣ ጄኔሬተር በኬቪኤ፣ ማለትም በሺህ ቮልት አምፔር፣ ስለሚሸጥ፣ ምን ያህሉን ልግዛ ብሎ ለሚደውልልኝ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ድብልቁ እንዴት እንደመጣ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1881 በፓሪስ የተደረገው የኤሌክትሪክ ጉባኤ ቮልትን፣ አምፔርንና ኦምን ሲያጸድቅ መሠረታቸው ሜትሪክ ስለነበር፣ በጫማና በፓውንድ የሚሰላ ሌላ ቮልት ከቶ አልኖረም። የሙቀትና የሞተር መለኪያዎች ግን በእንፋሎት ዘመን ሥር ሰደው ቆዩ። ይህን የማነሣው ኪሎዋት ሰዓት ራሱ ፍጹም ስለሆነ አይደለም፤ የሳይንሱ መለኪያ ጁል ነው። ቢሆንም የመብራት ቆጣሪ ያለው ሰው ሁሉ የለመደው እሱን ነው።

በብሪታንያ ዛሬ የጋዝ ሂሳብ የሚመጣው በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ቆጣሪው አሮጌ ሆኖ በኩብ ጫማ በሚቆጥርበት ቤት እንኳ ተለውጦ ይደርሳል። እዚህም ኩብ ጫማውን ወደ ቴርም የሚለውጠው ኮምፒውተር በዚያው አፍታ ወደ ኪሎዋት ሰዓት ሊለውጠው ይችላል፤ ቆጣሪም ቧንቧም መንካት አያስፈልግም። የጋዝና የመብራት ዋጋን ለሚቆጣጠረው የግዛቱ ኮሚሽን ደብዳቤ ማርቀቅ ጀምሬያለሁ። ቴርም ይቅር አላልኩም፤ የጠየቅኩት ከቴርሙ ሥር በኪሎዋት ሰዓት የተሰላ ዋጋ ያለበት አንድ መስመር እንዲጨመር ነው።