ለስምንት ደቂቃ ጥሩምባ የከፈልኩት

ትልቋ ልጄ ኮሌጅ በገባች በሁለተኛው ሳምንት ደውላ «ማርሽ ባንድ ውስጥ ገባሁ» አለችን። ትሮምፔት ነው የምትነፋው። ደስ ብሎኝ ወዲያው አሰላ ላለችው እናቴ ደወልኩ።

«ምን ትነፋለች አልከኝ?»

«ጥሩምባ ነገር ነው እማዬ።»

ዝም አለች። ቆየት ብላ «ማን ሞቶ?» አለችኝ።

አትፍረዱባት። እኛ ሰፈር ጥሩምባ የሚነፋው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ጎህ ሳይቀድ ድምፁ ከተሰማ የአንድ ሰው ደጅ ድንኳን ሊተከል ነው ማለት ነው። የልጅ ልጇ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጥሩምባ መንፋቷን ለቡና ጓደኞቿ እንዴት አድርጋ እንደምትነግራቸው ስትጨነቅ በስልክ ይሰማኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፉትቦል (የእኛው እግር ኳስ ሳይሆን ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት የአሜሪካኖቹ) እንዳለ፣ ተጫዋቾቹ ለዕረፍት ሲወጡ ባንዱ ሜዳ ገብቶ እየተሰለፈ እንደሚጫወት ነገርኳት። «አብዮት አደባባይ እንደነበረው ሰልፍ?» አለች። አዎ አልኳት፤ ቢያንስ መፈክር የለውም።

የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደሆነች አልናገርም። ገና አልተመረቀችም፣ እኛም ከፍለን አልጨረስንም።

የምንኖረው አትላንታ ነው፣ ክላርክስተን አካባቢ። ትምህርት ቤቷ ሩቅ ስለሆነ ጨዋታ ሄደን አናውቅም ነበር። አንድ ቀን ግን ቡድናቸው አትላንታ መጥቶ መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም ሊጫወት መሆኑን ነገረችን። ባንዱም አብሮ ይመጣል። እናቷ ይህን ስትሰማ ምርቃት የተጠራች ነው የመሰላት። «ሦስታችንም እንሄዳለን» አለች፤ እኔ፣ እሷና ትንሹ ልጃችን። ባንድ ውስጥ ያለ ተማሪ በነጻ ይገባል። የተማሪው ወላጅ ግን እንደማንኛውም ሰው ይከፍላል።

ስለ ስታዲየሙ ትንሽ ልበል። የተከፈተው በ2017 ሲሆን የፈጀው ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ጣሪያው እንደ አበባ የሚከፈት የሚዘጋ ስምንት ቅጠል አለው። ከጎኑ የነበረው አሮጌው ስታዲየም፣ ጆርጂያ ዶም፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በፈንጂ ፈረሰ። ዶሙ የተከፈተው በ1992 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! አሰላ ያለው የአባቴ ቤት ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል፣ እኛም እስከ ዛሬ «አዲሱ ቤት» እያልን ነው የምንጠራው።

ወደ ትኬቱ ልመለስ። ያገኘሁት ሰዎች መልሰው ከሚሸጡበት አንድ ድረ ገጽ ላይ ነው። ዋጋው እንደ ጤፍ ነው፣ ጠዋት ያየኸውን ማታ አታገኘውም። ሦስት ቀን ይወርድ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱ ሲወጣ እኔ ወረድኩ። በመጨረሻ ከጣሪያው ሥር ያሉ ሦስት ወንበሮችን እያንዳንዳቸውን በ118 ዶላር መረጥኩ። የካርዴን ቁጥር አስገብቼ «ጨርስ» የሚለውን ልጫን ስል ለእያንዳንዱ ትኬት 29 ዶላር ከ50 «የአገልግሎት» ተጨመረበት። ምን አገልግሎት? ትኬቱን የላኩት በስልኬ ነው። ወረቀት እንኳን አላባከኑም።

ይህ የሆነው ሕጉ ሳይወጣ በፊት ነው። ከሜይ 2025 ወዲህ የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ለእንዲህ ዓይነት ትኬት ጠቅላላው ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲታይ አስገድዷል። ጥሩ ነው። ዋጋው ስላልቀነሰ ግን ድሮ መጨረሻ ላይ እንደነግጥ የነበርነው አሁን መጀመሪያ ላይ እንደነግጣለን።

የጨዋታው ቀን በመኪና ሄድን። ስታዲየሙ አካባቢ ስንደርስ አንድ ሰውዬ መንገድ ዳር ቆሞ ቀይ ጨርቅ ያውለበልባል። በካርቶን ላይ 60 ብሎ ጽፏል። ከስድሳው ሥር የተሰረዘ 40 ይታያል።

«አርባ አልነበረም?» አልኩት።

«ጠዋት ነበር» አለኝ።

ከኋላዬ መኪና ይጮሃል፣ ሚስቴ «አስረፈድከን» ትላለች። ከፈልኩ። ክላርክስተን ያላችሁ ሰዎች አሁን እየሳቃችሁብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ኢንዲያን ክሪክ ጣቢያ መኪናህን በነጻ አቁመህ በ2 ዶላር ከ50 በማርታ ባቡር ሳትቀይር ስታዲየሙ ደጅ ትወርዳለህ። ስሟ እንኳን የሐበሻ ስም ነው። ማርታ እያለች ለሰውዬው ስድሳ ዶላር ሰጠሁ።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሰዎች ድንኳን ተክለው፣ ሥጋ እየጠበሱ፣ ሙዚቃ ከፍተዋል። የሰርግ ማግስት ይመስላል። በመኪናቸው ጀርባ ትልቅ ቴሌቪዥን የሰቀሉም ነበሩ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ብዙዎቹ ትኬት የላቸውም። እስከ ስታዲየሙ አጥር ድረስ መጥተው ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያያሉ።

በር ላይ ደግሞ የቦርሳ ጣጣ መጣ። ቦርሳ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ካልሆነ አይገባም። የሚስቴ ቦርሳ ጥቁር ቆዳ ነው። ውስጡ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ውሃና ለልጅቷ የቋጠረችው ድፎ ዳቦ አለ። ጥበቃው በትህትና «መጣል ወይም ማስቀመጥ» አላት። እሷ ደግሞ እህል አትጥልም። ለቦርሳ ማስቀመጫ 15 ዶላር ከፈልን። ቆሎውን ግን ትንሹ ልጄ በሁለት ኪሱ ሞላው። ጥበቃው አይቶት አንድ ጭብጥ ተቀበለና «ግቡ» አለን። በዚያን ቀን በሐበሻ ዋጋ የተገበያየነው እዚያ ብቻ ነው።

ውስጥ ስንገባ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ምግቡ ርካሽ ነው። የስታዲየሙን ቡድን የያዘው አርተር ብላንክ፣ የግንባታ ዕቃ መደብሩ የሆም ዲፖ መሥራቾች አንዱ ነው፤ ስታዲየሙ ሲከፈት ሆትዶግ 2 ዶላር፣ ፈንዲሻ 2 ዶላር፣ እየተመላለስክ የምትቀዳው ለስላሳም 2 ዶላር እንዲሆን አድርጎ ነበር። የኮሌጅ ጨዋታም ሲሆን ያው ነው። እኔ ሌላ ቦታ ለአንድ ውሃ 7 ዶላር ከፍዬ ስለማውቅ ሜኑውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሚስቴ ሆትዶጉ የበሬ ይሁን የአሳማ ስላላወቀች በፈንዲሻ ጸናች። ለሦስታችን 14 ዶላር ብቻ። ውጭ ገፈፉን፣ ውስጥ መልሰው ትንሽ አለበሱን።

ወንበራችን ጋ ስንደርስ ተጫዋቾቹ ጉንዳን ያህላሉ። ጣሪያውን ዙሪያ የከበበው ስክሪን ባይኖር ማን ከማን እንደሚጫወት አላውቅም ነበር። ስክሪኑን ለማየት ደግሞ ቤቴ ሶፋ አለኝ። ሁለት ሩብ እንደምንም አለፈ። ከዚያ ዕረፍት ሆነና ባንዱ ገባ።

ሦስት መቶ የሚሆኑ ልጆች። ሁሉም አንድ ዓይነት ዩኒፎርም፣ አንድ ዓይነት ባርኔጣ። መስመር ይሠራሉ፣ መስመሩ ክብ ይሆናል፣ ክቡ ፊደል ይሆናል። እናቷ ብድግ ብላ «ያቻት!» አለችና እልልታውን አቀለጠችው። ፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞረው ተመለከቱን። በስልኬ አጉልቼ አየሁ። የምታሳየኝ ልጅ ቱባ የተሸከመ ጎረምሳ ነው። አልነገርኳትም። እኔም በበኩሌ አንዷን ትሮምፔት ነፊ መርጬ «ይቺ ትሁን» ብዬ እስከ መጨረሻው እሷን አየሁ።

ስምንት ደቂቃ ሆኖ አለቀ።

ማታ ደወለች። «አያችሁኝ?»

«አየንሽ የኔ ልጅ» አለች እናቷ።

«የቱ ጋ ነበርኩ?»

ሚስቴ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

ቤት ገብቼ ደመርኩት። 531 ዶላር ከ50። ለስምንት ደቂቃ ስታካፍለው በደቂቃ 66 ዶላር ይመጣል። በዚህ ሂሳብ የጠየቀኝ ጠበቃ እንኳን አላውቅም።

ሰኞ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ ለሚሠራ ሽማግሌ ነገርኩት። ዕድሜ ልኩን የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ ነው፣ ከአባቱ የወረሰው ወንበር ነበረው። ሳቀብኝና ጓንቱን አውልቆ ቁጭ አለ። የወቅቱን ሙሉ ትኬት ለመግዛት መጀመሪያ ለስፖርት ክፍሉ መዋጮ ታደርጋለህ አለኝ። ስሙ ስጦታ ነው፤ ካልሰጠህ ግን ወንበሩን አታገኝም። ድሮ ከዚያ ስጦታ 80 በመቶው ከግብር ይቀነስለት ነበር፣ ከ2018 ጀምሮ እሱም ቀረ። ቀጥሎ መዋጮው ጨመረ፣ ወንበሩም ወደ ማዕዘን ተገፋ። ባለፈው ዓመት ተወው። «ወንበሬ የነበረበት ቦታ አሁን ሶፋና ቡና ቤት ያለው ክፍል ሆኗል» አለኝ። የአባት ርስቱን የተነጠቀ ሰው ፊት ነበረው።

አሁን ደግሞ ተጫዋቾቹም ይከፈላቸዋል። በጁን 2025 አንዲት የካሊፎርኒያ ዳኛ ባጸደቁት ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ ማካፈል ይችላል። በእኔ እምነት ተገቢ ነው። ጉልበቱ የእነሱ ነው፣ ጉልበታቸውም የሚሰበረው እዚያ ነው። ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ጎረቤታችን ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ስምምነቱ ገና ሳይጸድቅ ለ2025 የወቅት ትኬት ላይ 10 በመቶ «የታለንት ክፍያ» (ታለንት ያሉት ተጫዋቾቹን ነው) እንደሚጨምር አስታወቀ። ቢያንስ ስሙን አልደበቀውም።

የሚስቴ ወንድም ቺካጎ ነው። እሱ ደግሞ እዚያ ያለውን የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲን ነገር ነገረኝ። 47 ሺህ ሰው የሚይዘውን አሮጌ ስታዲየም አፍርሰው ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ አዲስ እየሠሩ ነው። አዲሱ የሚይዘው 35 ሺህ ብቻ ነው። «ተሳስተህ ነው፣ አዲስ ቤት ሲሠራ ይሰፋል እንጂ ይጠብባል እንዴ?» አልኩት። አልተሳሳተም። ወንበሩ ሲቀንስ ምቾቱ ይጨምራል፣ ዋጋውም አብሮ። የሚቀረው 12 ሺህ ሰው የት ይሂድ? መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቴሌቪዥን የሰቀሉት ሰዎች ትዝ አሉኝ።

በሚቀጥለው መኸር ትንሹ ልጄ ጨዋታ ውሰደኝ አለኝ። እህቱ ስለሌለችበት እናቱ አልመጣም አለች። እኔም ብልህ ሆኜ ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወደሚጫወትበት ስታዲየም ወሰድኩት። በማርታ ሄደን ቀሪውን በእግራችን ተጓዝን። ለሁለታችን የከፈልነው ከዚያ ሰውዬ የመኪና ማቆሚያ ያንሳል።

ለምን እዚያ እንደወሰድኩት አልነገርኩትም ነበር። በ1996ቱ ኦሎምፒክ ዋናው ስታዲየም ይህ ነው። ያኔ 85 ሺህ ሰው ይይዝ ነበር። ከዚያ ግማሹን ቆርጠው የቤዝቦል ሜዳ አደረጉት። የቤዝቦሉ ቡድን ከ2016 በኋላ አዲስ ስታዲየም ተሠርቶለት ሲሄድ ዩኒቨርሲቲው ወስዶ ፉትቦል ይጫወትበታል። ችቦው የነደደበት ማማ ዛሬም ውጭ ቆሟል። ልጁን ከሥሩ አቁሜ ፎቶ አነሳሁት።

የመረጥነው ቦታ ላይ ነው የተቀመጥነው፣ ወንበር ሞልቶ ነበር። ጨዋታውን ትቼ ሜዳውን በዓይኔ ለካሁት። ትራኩ የለም። መታጠፊያው የቱ ጋ ይሆን? ፋጡማ ሮባ በየት በኩል ገባች? ሁለተኛዋን በሁለት ደቂቃ ቀድማ፣ ብቻዋን እዚህ የገባችው ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. እሁድ ነው። በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት። የበቆጂ ልጅ፣ የአርሲ ልጅ፣ የእኛው። በማግስቱ ኃይሌ 10 ሺህውን በ27 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ጨረሰ። ትራኩ እንደ ድንጋይ ነበር፤ እግሩ ተልጦ 5 ሺህውን ሳይሮጥ ቀረ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። ኃይሌን ስሙን ያውቀዋል፣ ፋጡማን አያውቃትም። ፈንዲሻውን እየበላ ሰማኝ።

«አንተ እዚህ ነበርክ?»

«አሰላ ነበርኩ። ማታ በቴሌቪዥን ነው ያየነው፣ እትዬ ዘነበች ቤት። ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥን ያላቸው እሳቸው ነበሩ።»

«በነጻ?»

«አንድ ጄሪካን ውሃ የቀዳ ነው የሚገባው።»

አሰበ። «ጄሪካን ስንት ጋሎን ነው?»

«አምስት ይሆናል።»

«ከሩቅ?»

«ከሩቅ።»

«ወንበር ነበራችሁ?»

«መሬት ላይ ነው» አልኩት። «ግን ከሁሉም ፊት።»