ዳኛ ቂም ይይዛል እንዴ?

ዛሬ አዘዞ፣ የሰፈር ጨዋታ ላይ፣ ገና ከመጀመሩ የእኛ አምበል ላይ ቢጫ ተመዘዘበት። እግሩ ሰውየውን መንካቱንም እንጃ! አጠገቤ ቆሎ የሚቆረጥሙ አንድ አባት "ያለፈውን ስድብ ሒሳብ እያወራረደ ነው" አሉ።

የበረዶ ሆኪ ትዝ አለኝ። በ2010 እ.ኤ.አ. የካናዳው ቫንኩቨር ቡድን ተጫዋች አሌክስ በሮውስ፣ ዳኛው ከጨዋታ በፊት እንደሚበቀለኝ ነግሮኛል ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ሊጉ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ተጫዋቹን ግን 2,500 ዶላር ቀጣው። ከሳሹ ከፋይ ሆኖ አረፈው!

እኔ እንደሚመስለኝ ግልጽ ጥፋት ላይ ቂም ብዙም ቦታ የለውም። አጠራጣሪዋ ላይ ነው ጉዱ። ዳኛም ሰው ነው፣ የሰደበውን ፊት አይረሳም። (አምበላችንም አፉ አያርፍም፣ እውነት ለመናገር።)

ለቀጣዩ ጨዋታ ሌላ ዳኛ ይመደብልን ብለናል። እስካሁን መልስ የለም።